ግንባር ላይ የተለጠፈችው ሁለት መቶ ሽልንግ

ሙሉመቤት በሰው አገር፣ ኢስትሊ በሚባል የገበያ ሰፈር መጋረጃ የምትሸጥ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጨዋ ሴት ናት። በሮክ ሙዚቃ አበደች ቢባል ማን ያምናል? የሰማ ሁሉ ያማትባል።

ነገሩ የጀመረው በጠብ ነው። ካሳራኒ ሰፈር ከተከራየችው ቤት ግድግዳ ጀርባ «ቩምቢ» የሚባል ባንድ ይለማመድ ነበር። በስዋሂሊ አቧራ ማለት ነው፤ መቼስ ስምን መልአክ ያወጣዋል። ሦስት ወር ሙሉ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን እየደበደበች ተዋጋቻቸው። በአራተኛው ወር ድብደባዋ ከከበሮው ጋር መግጠም ጀመረ። አለቀላት! ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ያመለጣት ኮንሰርት የለም።

በፈረንጆቹ 2006 የባንዱ አዲስ ሲዲ ሲወጣ ግን ደነገጠች። ያ ጆሮ በጣሽ ጊታር የት ገባ?

«ከዱኝ ሀጀራ!» አለቻት፣ አጠገቧ ሽቶ የምትሸጠውን ጓደኛዋን። «ለስልሰው ቁጭ!»

«አንቺ ደግሞ፣ ባልሽ የከዳሽ አስመሰልሽው እኮ» ብላ ሳቀችባት ሀጀራ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው ጨርቅ እየለካች ነበር። ትከሻዋ ሳታዘው ተነሣ። ጭክችካ! የእኛው ጭክችካ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር! ለካ ከበሮ መቺው ኪሊማኒ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሲመላለስ ቀስሞት ኖሯል። የደንበኛዋን መጋረጃ ግማሽ ሜትር አሳጥራ ቆረጠችው፤ ምን ገዷት!

የድሮዎቹ አድናቂዎች ግን ጨሱ። ጊታር መቺው ኦዱዎር በሬዲዮ ቀርቦ፣ «እሁድ ከሰዓት አዲሱን ዘፈን ካሳራኒ አዳራሽ እንጫወተዋለን። ሕዝቡ ካልወደደው እንተወዋለን» አለ። ሙሉመቤት እህል አልወርድ አላት። ያገኘችውን ሳትጠግብ ልትነጠቅ ነው!

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ጭክችካው ሲጀመር ጥቁር ካናቴራ የለበሱት ጎረምሶች እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሊወዘውዙ ሞከሩ። አልገጠመላቸውም። እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ከኋላ ፉጨት ተነሣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያጨበጨበችው እሷ ብቻ ናት። ኦዱዎር አንገቱን ደፍቶ ለድሮው ዘፈን ጊታሩን መቃኘት ያዘ።

ደሟ ፈላ። ሰው እየገፈተረች መድረኩ ላይ ወጣች። ከቦርሳዋ ሁለት መቶ ሽልንግ መዥረጥ አድርጋ ላብ ባጠመቀው የኦዱዎር ግንባር ላይ ለጥ አድርጋ ለጠፈችለት! ዘፈን አንጀቱን የበላው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ክንዷን ያዛት።

ኦዱዎር ብሩን ሳያነሣ ወደ ማይኩ ተጠጋ። «ማማ፣ እንድናቆም ነው የከፈልሽን?» አለ።

ሳቅ ሆነ። ሙሉመቤት ክው አለች። ለካ እዚህ አገር አይታወቅም!

«ኧረ በስመ አብ!» ብላ ማይኩን ነጠቀችው። «በእኛ አገር ብር ግንባር ላይ የሚለጠፈው ድገመው ለማለት ነው! ድገመው!» አማርኛ የማይገባው ኦዱዎር ዓይኑን ሲያፈጥባት በስዋሂሊ ጮኸችበት፤ «ሩዲያ! ሩዲያ!»

ሲያፏጭ ከነበረው አንዱ እየሳቀ ተቀበላት፤ «ሩዲያ!» ጓደኞቹ ተከተሉት። ለቀልድ የጀመሩት ነገር አዳራሹን አዳረሰው፤ «ሩ፣ ዲ፣ ያ! ሩ፣ ዲ፣ ያ!» ሦስት ሦስት እየሆነ በእግር ተመታ። ከበሮ መቺው ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ጭክችካውን በጩኸታቸው ላይ ጫነበት። ልክ ገባ! በጥቁር ካናቴራ የተሞላው አዳራሽ ተነቃነቀ፤ ዘበኛው ራሱ ክንዷን ለቆ አጨበጨበ፤ ሙሉመቤትን ደስታ እንባ በእንባ አደረጋት።

አራት ጊዜ ደገሙት። የድሮውን ዘፈን የጠየቀ አልነበረም።