የሚነቃነቀው ድንጋይ

ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ የምንኖርበት አሮጌ ቤት መግቢያ ላይ አንዱ የደረጃ ድንጋይ ይነቃነቃል። ግንበኛው በዕብራይስጥ «አሐሬ ሃሐጊም»፣ ከበዓላት በኋላ እመጣለሁ ስላለ እየጠበቅነው ነበር። ቱሪስቶች ደግሞ ቤቱን ለማየት ይወጡበታል። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ወድቀውበታልና የሰው እግር እንዳይሰበር ፈሩ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ እንግሊዝኛ ተምረሻል አይደል? አፍሽ ባይናገር እጅሽ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ» አሉኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ግን እምቢ ለማለት አፈርኩ። ስልኬ ላይ ስፈልግ «ኮሽን» ቀስ በሉ፣ «ዋርኒንግ» ትጎዳላችሁ፣ «ዴንጀር» ደግሞ ሞት ቅርብ ነው እንደማለት ሆኖ አገኘሁት። ለአንድ ድንጋይ ይበቃል ብዬ ካርቶን ላይ ኮሽን ጽፌ ደረጃው አጠገብ ሰቀልኩ። አንዲት ቱሪስት አነበበችው፣ ፈገግ አለች፣ ረግጣውም ተንገዳገደች።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? እንኳን ደህና መጣችሁ ነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

በማግስቱ ዋርኒንግ አልኩ። አሁን ደግሞ ቱሪስቶቹ እውነት ይነቃነቅ እንደሆነ በጫማቸው ጫፍ ይሞክሩት ጀመር። በሦስተኛው ቀን በቀይ ቀለም ዴንጀር ብዬ ጻፍኩ። ድንጋዩ ላይ ቆመው ከጽሑፉ ጋር ፎቶ ተነሡ።

በዓላቱ አለፉ። አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ግንበኛው መጥቷል። ጽሑፉን አነበበ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ስልክ ደወለ። «ቦታው አደገኛ ነው፤ መሐንዲስ ሳያየው አልነካውም» ሲል በዕብራይስጥ ሰማሁት። ልጠራው አፌን እስክከፍት መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ማነው የመጣው?» አሉ እትዬ ዘውዴ ከላይ።

«ቱሪስት ነው» አልኳቸው።