የማዘጋጃ ቤት ጓደኛ

ዮሩን ሥራ ላይ ስትሆን እጇን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ግራ እጇ ከገንዳው የኮድ ዓሣ ጭንቅላት ያነሣና ጠረጴዛው ላይ በቆመው ሹል ብረት ይሰካዋል፤ ምላሱ ብቅ ሲል ቀኝ እጇ ቢላዋውን ዞር አድርጎ ይቆርጠዋል። ምላሱ ወደ ባልዲው፣ ጭንቅላቱ ወደ እኔ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጭንቅላቶቹን በገመድ እየሰካሁ ለማድረቂያ አዘጋጅ ነበር።

በእኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር ለምግብ የሚሸጠውን የኮድ ምላስ መቁረጥ የልጆች ሥራ ነው። በረዷማው ክረምት ገብቶ ኮዱ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ዓሣ ቤቱ ይሮጣሉ። ታላቁ ለታናሹ ያሳያል፤ ታናሹ ጣቱን ይቆርጣል፣ ያለቅሳል፣ ቁስሉ ሲደርቅ ይመለሳል። ሲጎረምሱ ቢላዋቸውን ለሌላ ትተው ይሄዳሉ። ዮሩን ግን ሃምሳ ዓመት አልፏትም ከዚያ ጠረጴዛ አልተለየችም። አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ደግ ቃል ከአፏ ሲወጣም ሰምቼ አላውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ፣ «ዮሩን፣ መቼ ነው የምታድጊው?» ይሏታል።

«እናንተ ስታድጉ እከተላችኋለሁ» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቤታቸው ለተናጋባቸው ልጆች አንድ ትልቅ ሰው ይመድባል፤ «የቅርብ ሰው» ይሉታል። ሌላ ሰው ስለጠፋ ማርየልን ለዮሩን ሰጧት። ማርየል አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት መሥርቷል፤ እናቷ መጋረጃ ዘግታ ከአልጋ የማትወርድበት ቀን ይበዛል። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች ትደባደባለች፣ ካልሄደች ወደቡ ላይ ስትዞር ትውላለች። በዚያው ሰሞን የክፍሏን ልጅ ጣት ነክሳ ነበር።

«አንቺ ነሽ የእኔ ሰው?» አለቻት መጀመሪያ ቀን። «ትሸቻለሽ።»

«ዓሣ ነዋ። አንቺ ነሽ የምትናከሺው?»

«እንደ ሰዉ ነው።»

ዮሩን ቢላዋ በእጀታው በኩል አቀበለቻት። «እኔን ብትነክሺኝ ግድ የለኝም። ቢላዋዬን ካበላሸሽ ግን ባሕር ውስጥ ነው የምወረውርሽ።»

ልጆቹ ወዲያው ለዮሩን ስም አወጡ። ከልጆቹ ትልቁ ትሪግቨ ከማዶ ጠረጴዛ ይጮኻል፦ «ማርየል! የማዘጋጃ ቤት ጓደኛሽ እንዴት ናት? ኪራይዋ ሲያልቅ ለእኔ አስተላልፊያት!»

ማርየል የዓሣ ጭንቅላት አንሥታ ፊቱ ላይ ለጠፈችበት። ዓሣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዮሩን አልሳቀችም።

«ሂጂ አምጪው» አለቻት። «መጀመሪያ ምላሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው የሚወረወረው።»

ዮሩን አትመክርም፣ አታባብልም። ሕጓ አንድ ነበር፦ ትምህርት ቤት ያልዋለ ቢላዋ አይነካም። ማርየል ከትምህርት ቤት የቀረች ቀን ትመጣለች፤ ባዶ እጇን ዮሩን አጠገብ ተገትራ ትውላለች እንጂ አትሄድም። ስትወጣ ሁልጊዜ፣ «ነገም አለሽ?» ትላለች። «የት እሄዳለሁ?» ትላታለች ዮሩን። በእርግጥም አንድ ቀን አልቀረችባትም፤ ትኩሳት ይዟት እንኳ ተጠቅልላ መጥታለች።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። የማርየል መደባደብ ቀረ። ፊቷ ላይ ሥጋ ጣል አደረገች። ሰባት ዓመት የሞላትን የጎረቤት ልጅ እጇን ይዛ፣ «እንዲህ አይደለም፣ ጅል! ጣትሽን አርቂ!» ስትላት ሰማሁ። ድምፁ የዮሩን ነበር።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ዮሩንን ለስብሰባ ጠራት። ማርየል አልተጠራችም።

«እማማ ራግና፣ አብረሽኝ ግቢ» አለችኝ ዮሩን። «እነዚያ ሰዎች ሲያወሩ አፌ ይታሰራል።»

የልጆችን ጉዳይ የምትይዘው ሲልየ የምትባል ወጣት ናት፤ ድምጿ ማር ነው። «እስቲ ንገሪን፣ ማርየል እንዴት ናት?» አለች።

የዮሩን አፍ አልታሰረም። በዕድሜዋ ሙሉ የቆጠበችውን ምስጋና እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ልጅቷ እንዳማረባት፣ ትምህርቷን እንደያዘች፣ ትንንሾቹን እንደምታስተምር። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ተቀመጥኩ።

«ግሩም ነው!» አለች ሲልየ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ የታሰበው ተሳክቷል። እንግዲህ በዚህ ወር ያበቃል ማለት ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ።»

«ዓሣ ቤት ብትመጣብኝስ?»

«በፍቅር ወደ እኩዮቿ መልሻት። ለጥቂት ጊዜ ባትቀርቢያት ለራሷ ይጠቅማታል። በእግሯ መቆም አለባት።»

እኛ ዘንድ ሰው ማዘጋጃ ቤት ያለውን ያደርጋል። በረዶ ጥረጉ ሲሉን እንጠርጋለን፣ ውሻ እሰሩ ሲሉን እናስራለን። ዮሩንም ታዘዘች። የሚያውቁት እነሱ ናቸው አለች።

ማርየል መጥታ ጠረጴዛውን በዓይኗ ፈለገች። «ቢላዋዬስ?»

«ከእኩዮችሽ ጋር ተጫወቺ» አለቻት ዮሩን፣ ዓይኗን ከብረቱ ሳትነቅል። «አሁን ጎበዝ ሆነሻል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጎበዝ ሆነሻል እኮ ነው የምልሽ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነገርኳቸው።»

«ጎበዝ አይደለሁም» አለች ልጅቷ። «ስዋሽሽ ነው የከረምኩት።»

«ሂጂ፣ ማርየል።»

«ኪራዩ አለቀ!» አለ ትሪግቨ ከማዶ። ያን ቀን ማርየል ምንም አልወረወረችም።

እሑድ፣ ሰው ከጸሎት ቤት ሲወጣ፣ የዓሣ ቤቱን መስኮቶች በድንጋይ መስበር ጀመረች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያየ፣ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው። ሁሉንም ስትጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰዎች ደርሰው ክንዷን ሲይዟት አልታገለችም።

«ይኸው ጎበዝ አይደለሁም» አለች። «አሁን ዮሩንን ጥሩልኝ።»

ዮሩን ጸሎት ቤት አትሄድም፤ ጩኸቱን ሰምታ ከቤቷ እየሮጠች ስትመጣ ልጅቷን ወደ መኪና አስገብተዋታል።

በማግስቱ ሲልየ ዘንድ ገባን። «በጣም ያሳዝናል» አለች በዚያው ድምጿ። «የተሳካ መስሎን ነበር፤ ለካ አልሠራም። ደቡብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚኖሩበት ቤት አለ።»

«ለእኔ መልሱልኝ» አለች ዮሩን።

«አንቺ ጋ ይህን ያህል ከርማ እዚህ ከደረሰች እንዴት እንመልስልሻለን?»

«ታዲያ» አልኩ እኔ፣ «ሲሻላትም ወሰዳችኋት፣ ሲብስባትም ትወስዷታላችሁ። ምን ብትሆን ነው ከዮሩን ጋር የምትተዉአት?»

«እማማ ራግና፣ ይሄ በስሜት የሚወሰን ነገር አይደለም» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ማርየል ወደ ደቡብ የሄደችበት ቀን መርከቡ ጋ ወርደን ቆምን። ዮሩን የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ማርየል ከአንዲት የማናውቃት ሴት ጋር በአጠገባችን ስታልፍ ዮሩን፣ «ማርየል» ብላ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሥራሽ ላይ ተመለሺ» አለቻት ልጅቷ ሳትቆም። «ጭንቅላቶቹ ይበላሹብሻል።»

ዮሩንም ተመለሰች። ገንዳው ባዶ እስኪሆን ድረስ ቆረጠች።

ማዘጋጃ ቤቱ ቆይቶ ሌላ ልጅ ሊሰጣት ጠየቃት፤ በሩን ዘጋችባቸው። ትንንሾቹ ቢላዋ አያያዝ አሳዪን ሲሏት ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለገና ለማርየል የምትልከው ካርድ አንዳንዱ ሳይከፈት ይመለስ ነበር፤ ማርየልን ከቤት ወደ ቤት ያዛውሯት ነበር አሉ። ዮሩን ባለፈው ዓመት ስትቀበር ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ትሪግቨ ነበር፤ ዛሬ የራሱ ጀልባ አለው። ማርየል አልመጣችም። የዮሩንን መሞት የሚነግራት ሰው መኖሩንም አላውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስለ አንድ ልጅ ሊወስኑ ጠርተዋችሁ፣ «ተሻለው ወይ?» ብለው ከጠየቋችሁ፣ ደስታችሁን ዋጥ አድርጉና ዝም በሉ። መጀመሪያ ልጁ ራሱ ይጠራ በሉ። መጥቶ ከማን ጋር መሆን እንደሚፈልግ ሲናገር፣ እባካችሁ፣ እስኪጨርስ ስሙት።