ሁለተኛው ጥይት

ፈንታነሽ ጠመንጃ ልትገዛ የተነሣችው ጌጥ አምሯት አልነበረም። ባሏ ቀለመወርቅ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ሲዘምት ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ይዞ ሄደ። መርዶው መጣ፤ ምንሽሩ ግን አልመጣም። ሰውየውን የወሰደው መንግሥት ስለ ጠመንጃው ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ራሱ ነውር እንደ ሆነ አድርጎ ዝም አለ።

ቤቷ ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚያወርደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከብት ሌቦች ከቆላ የሚወጡት በዚያው አፋፍ በኩል ነበር። ጠመንጃ ያለበትን ቤትና የሌለበትን ቤት ለይተው ያውቃሉ። ባሏ በሞተ በዓመቱ በረቷን ሁለት ጊዜ ሰብረው ከብቷን ነድተዋል። የቀሯት ሁለት የእርሻ በሬዎች፣ አንዲት የምትታለብ ላምና አንድ ወይፈን ናቸው። በሬዎቹ ከሄዱ ቀንበሯን ሰቅላ የሰው ደጅ ከመጥናት በቀር ምርጫ አልነበራትም።

የገበሬ ማኅበሩ ነገር ደግሞ ከሌቦቹ ይብስ ነበር። የጥበቃ ተራ ሲደርሳት፣ የታጠቀ ሰው ከቤትሽ አላቀረብሽም ተብላ ትቀጣለች። ለመታጠቅ ፈቃድ ስትጠይቅ ሊቀ መንበሩ ሞላ በጉባኤ መካከል ሳቀባት።

«ሴት መሣሪያ ይዛ እንዴት ትጠብቃለች?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሴት መሣሪያ ካልያዘች ስለ ምን ትቀጣለች?»

«ምላስሽ መሣሪያ አይደለም እንዴ! እሱን ይዘሽ ቁሚ።»

«እቆም ነበር፤ ሌባው ስድብ ሰምቶ የሚመለስ ቢሆን።»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ሞላ ሳቁ ወደ እርሱ እንደ ዞረ ባየ ጊዜ ፊቱን አጠቆረና ፈቀደ። ሲፈቅድም በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ጠመንጃውን ወንድ ይምረጥላት፣ ዋሱም ወንድ ይሁን አለ። መሬቱ በስሟ ነው፤ መዋጮውን የምትከፍል እርሷ ናት፤ ለመግዣው የሚሸጠው ወይፈን የእርሷ ነው። መምረጥ ግን አይቻላትም ተባለ።

ዋስ የሆኑት የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ሙላቴ ናቸው። በቀለመወርቅ ለቅሶ ላይ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ወንድሜ፣ ቤትህን እኔ እጠብቃለሁ» ብለው ያስለቀሱ ሰው ነበሩ። ፈንታነሽ ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምራ አንቱ ስትላቸው ኖራለች።

የምትፈልገውን ግን ራሷ አስባበት ነበር። ሌቦቹ ብቻቸውን አይመጡም። ምንሽር አንድ ጊዜ ከጮኸ በኋላ እንደገና እስኪቀባበል ድረስ ሌባው በረቱ ውስጥ ነው። ክላሽ በእርሷ ዓቅም አይታሰብም፤ ቢታሰብም ማኅበሩ ይነጥቃታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተቀባብሎ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ጥይቱን ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ ያስፈልጋታል። ወይፈኑን ሸጠች፤ የቅቤውን ገንዘብ ጨመረችበት፤ በመቀነቷ ቋጥራ ከአቶ ሙላቴ ጋር ወደ ደሳለኝ ወረደች።

ደሳለኝ ከእብናት በላይ ባለው ገደል ሥር የሚኖር መሣሪያ ሻጭ ነው። ራሳቸውን የሚያጎርሱ ሁለት ጠመንጃዎች አውጥቶ ዋጋቸውን ተናገረ። አንዱ ካርባይን ነው፤ ሰደፉ በናስ ምስማር ያጌጠ፣ በቅቤ የታሸ፣ ቀላልና የሚያምር። ሌላው ሲሞኖቭ ነው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ የሚከብድ።

«ይኸ ነው የቤታችን ጠመንጃ!» አሉ አቶ ሙላቴ ካርባይኑን አንሥተው። «እይው እንጂ እቴ! ለሴት ትከሻ የተሠራ ነው የሚመስል።»

«ጥይቱ ከየት ይገኛል ወንድም ጋሼ? የዚህን ጥይት የያዙ የንጉሡ ጊዜ ፖሊሶች ነበሩ። የሲሞኖቭ ጥይት ግን በየሚሊሺያው ዝናር አለ።»

«ጥይት አይጠፋም፤ እኔ እያለሁ።»

«እሺ፣ ይሞከር» አለች።

በዚያ አገር የጠመንጃ ሽያጭ ሥርዓት አለው። ሻጩ በዋሱ ፊት አንድ ጥይት ወደ ድንጋይ ይተኩሳል፤ ከጮኸ ሽያጩ ጸና። ሥርዓቱ የመጣው ጠመንጃ ሁሉ በእጅ በሚቀባበልበት ዘመን ነው። ለዚያ ዘመን ጠመንጃ አንድ ጥይት ይበቃ ነበር። ራሱን ለሚያጎርስ ጠመንጃ ግን የመጀመሪያው ጥይት ምንም አይመሰክርም፤ እርሱንማ ያጎረሰው የሰው እጅ ነው። ይህን አለመገንዘብ ለሻጭ ጥቅም፣ ለገዢ ጥፋት ሆኖ ሳለ፣ ሥርዓቱ ባለበት እንደ ቆመ ነበር።

ደሳለኝ ካርባይኑን አቀባብሎ ተኮሰ። ከማዶው ድንጋይ አቧራ ተነሣ።

«እሰይ! በይ መቀነትሽን ፍቺ» አሉ አቶ ሙላቴ።

«ድገመው» አለች ፈንታነሽ።

ደሳለኝ ሳቀ። «ጥይት እንደ ሽምብራ እሸት አይሸመጠጥም እታለም!»

«ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ።»

«ነውር ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ሙላቴ። «እኔ ዋስ ቆሜ ሁለተኛ ጥይት መጠየቅ እኔን ዋሾ ማለት ነው። በሰው ፊት ልታዋርጅኝ ነው የመጣሽ?»

«የሚያዋርድዎ ባይጮህ ነው፤ ቢጮህ ምን ይሆናሉ?»

የአንድ ጥይት ዋጋ ቆጥራ በደሳለኝ መዳፍ ላይ አኖረች። ደሳለኝ ትከሻውን ነቅንቆ ጥይቱን በካዝናው ጨመረ፣ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ምንም አልጮኸም። የፊተኛው ጥይት ቀለህ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ውስጥ ተቀርቅሯል፤ ጠመንጃው ነክሷል። ደሳለኝ መቀባበያውን ጎተተ፤ እንቢ አለው። በጉልበቱ አስደግፎ እንደገና ጎተተ፤ አሁንም እንቢ አለው።

«ወዲያ! አምጣው» አሉ አቶ ሙላቴ ተናደው። ነጠቁት፤ ወደ ግራ ዘንበል አደረጉት፤ ከመቀባበያው በታች በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱና ወደ ኋላ ሳቡ። ቀለሁ ተስፈንጥሮ ከሣሩ ላይ ወደቀ።

«ይኸው! ምን አለበት?» አሉ።

ደሳለኝ መሬት መሬት ያያል። ፈንታነሽ የምታየው የአቶ ሙላቴን እጅ ነው። ሻጩ የማያውቀውን ምት ዋሱ አውቆታል። ያ እጅ በዚያ ጠመንጃ ላይ የኖረ እጅ ነው።

«ደሳለኝ፣ ይህ ጠመንጃ የማን ነው?»

«እኔ አሻሻጭ ነኝ እታለም። ባለቤቱን አትጠይቂኝ።»

«ግድ የለም፤ ባለቤቱ መልሷል።» ወደ ዋርሳዋ ዞረች። «አንተ ሙላቴ!»

ሰውየው አንተ መባሉን ሲሰማ በጥፊ የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ከፈንታነሽ አፍ አንቱታ አላገኘም፤ የሚገባውም አልነበረም።

«የሚነክስ መሆኑን እያወቅህ ነው ለእኔ ያመጣኸው? እኔ አፋፍ ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ሌባ ከፊቴ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ከጮኸ በኋላ እንዲከዳኝ?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም… ሌባ እኮ አንድ ተኩስ ከሰማ ይበረግጋል። ደግሞ ዕቃው ከቤተሰብ አይውጣ ብዬ ነው።»

ሰው ክፉ ሲሠራ ቢያንስ ማፈር ይገባዋል። ሙላቴ ግን የወንድሙን ሚስት ለሞት አሳልፎ ሲሰጥ፣ ነገሩን የቤተሰብ ፍቅር ብሎ ሰየመው። ፈንታነሽ ከዚህ በላይ ልትሰማው አልፈቀደችም። ሲሞኖቩን አነሣች። የጥይቱን ዋጋ ከፍላ በገዛ እጇ አጎረሰችው፤ አባቷ አዳኝ ስለ ነበር መተኮስ አዲስ አልሆነባትም። ሰደፉን ከትከሻዋ አደላድላ፣ ካዝናው ባዶ እስኪሆን ድረስ ድንጋዩን ደበደበችው። አንድም ጊዜ አልነከሰም።

«ይህን እወስዳለሁ።»

ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እሱ ተፈትኗል። የተፈተነ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።»

«ቅድም በሽቦ የታሰረ እንጨት ነበር፤ አሁን ወርቅ ሆነ? በእኔ ጥይት፣ በእኔ ትከሻ ፈትኜው ለአንተ ዋጋ ልጨምርልህ?»

«ገበያ ነው እታለም። ብትተዪው ሌላ ይወስደዋል።»

ያላት ገንዘብ ለፊተኛው ዋጋ እንጂ ለጭማሪው አይደርስም። ባዶ እጇን ብትመለስ ወይፈኑ በከንቱ ተሸጠ፤ በረቱም እንደ ተከፈተ ይቀራል። እጇን ወደ ሙላቴ ዘረጋች።

«ጭማሪውን አንተ ትከፍላለህ። ዋስ ነኝ ብለህ መጥተህ የለ? ዋስ ማለት ይኸው ነው።»

«እኔ? በምን ዕዳዬ?»

«ልክ ናት» አለ ደሳለኝ፣ ገንዘቡ ከማንም ይምጣ ከማን ግድ ሳይሰጠው። «ዋስ ነኝ ያልኸኝ አንተ ራስህ ነህ። ይህንንም ውሰድልኝ» ብሎ ካርባይኑን መለሰለት።

ሙላቴ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ እያወጣ፣ እያንዳንዱን ብር እንደ ጥርሱ እየነቀለ ከፈለ። ሽቅብ መውጣት ሲጀምሩ ከኋላዋ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ከፍያለሁ። ነገሩ በእኛ መካከል ይቅር።»

«የከፈልኸው ዋስነትህን ነው። ዝምታዬን አልሸጥሁልህም።»

ጥቂት እንደ ሄዱ እጁን ወደ ሲሞኖቩ ሰደደ። «እሱንስ ስጪኝ፣ እስከ ሰፈር ልያዝልሽ። ሴት ጠመንጃ አንግታ ስትገባ ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

አፋፉ ላይ ሲደርሱ በአውድማው ገብስ የሚያበራዩ ጎረቤቶች ቀና አሉ። መንሹን ይዞ የቆመው ፈንታሁን ገና ከሩቅ ተጣራ።

«ፈንታነሽ! ገዛሽ እንዴ? እስቲ ምን ገዛሽ? ማን መረጠልሽ?»

«ሥራችሁን አቁሙና ተቀመጡ፤ እነግራችኋለሁ» አለች።

ሙላቴ ካርባይኑን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ በቁጥቋጦው በኩል ወደ ቤቱ በሚያወጣው ቀጭን መንገድ ታጠፈ። እርሷ አልጠራችውም፤ ዞራም አላየችው። ከአውድማው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሲሞኖቩን በጉልበቶቿ ላይ አጋድማ፣ ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ጠበቀች።