ያዋስኩት ብሩሽ

የሥዕል መምህር ነኝ፤ በብሩሽ ነገር ግን ንፉግ። እንጀራዬን ቢካፈሉኝ ግድ የለኝም፣ ብሩሼን የነካ ሰው ያናድደኛል።

ወልድያ ከጦርነቱ እፎይ ባለችበት ሰሞን መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ከተዘረፈው ቤቴ የተረፈኝ አንድ ብሩሽ፣ ጥቂት ቀለምና ስለ ኒውዚላንድ ሠዓሊዎች የሚያወራ መጽሔት ብቻ ነው። መጽሔቱን ሌባ እንኳ አልፈለገውም።

ጎረቤቴ የመርሳ ተወላጅ ናቸው፤ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ ነው ያረጁት። ቀለምና ብሩሻቸው ሁሉ ስለተወሰደባቸው «ከእንግዲህ በቃኝ» ብለው በራቸው ላይ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። እጃቸውን አጣጥፈው ሳያቸው ሆዴ ይባባል። መጽሔቱን ይዤላቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። ይሄን የሣሉት የኒውዚላንድ ነባሮች፣ ማኦሪዎች ናቸው። ይሄኛውን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጡት ፈረንጆች ልጆች። ሁሉም ባንድ አዳራሽ ነው የሚሰቅሉት።»

ገጹን አስጠግተው አዩ። «እርዱስ?» አሉኝ። «ለየብቻ ነው እሚያርዱ?»

እኛ ዘንድ ድግስ ሲሆን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል። አዳራሽ ስላቸው የታያቸው ድግስ ነው።

«ሥዕል አይታረድም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ጣታቸው ግን የማኦሪዎቹን ጠመዝማዛ መሥመር እየተከተለ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እኛም እናሳያ» አልኳቸውና እንደ ምንም ብዬ ብሩሼን አዋስኳቸው። ጥይት የበሳሳውን አንድ ታፔላ ገልብጠው የጎረቤቷን ከተማ የሐራን ገበያ ከላይ እንደሚታይ አድርገው ሣሉበት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የነጋዴ ጃንጥላ አናት ሆነ። እኔም በጣቴ ሁለት ሦስት ሣልኩ።

ሥራዎቻችንን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ የሳቸውን በቀኝ የኔን በግራ ሰቀልን። እንግዳ እንዲቀበሉ የለመንናቸው የሰፈር እናቶች በድግስ ልማዳቸው በሩ ላይ ሰዉን ከፈሉት፤ «እስላም በቀኝ፣ ክርስቲያን በግራ።»

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ልጮህ አፌን ስከፍት ከቀኝ በኩል ሳቅ ተሰማ።

«ያች ቀይዋ ጃንጥላ የኔ ናት» ይላል አንዱ።

«ወላሂ የኔ ናት» ትላለች ሌላዋ።

የኔ ተመልካቾች አንድ በአንድ ጥለውኝ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ቀናሁ፤ ከዚያ እኔም ተሻገርኩ። ጋሼ ጥግ ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«ለሥዕል አንድ እርድ ይበቃል ለካ» አሉኝ።

በማግሥቱ በራቸው ላይ አጣኋቸው። ታፔላ ሊጽፉ ሐራ ወርደዋል፣ ብሩሼን ይዘው። እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።