ሙልዬ ብሎ እንዲጠራኝ የቀበርነው አዝራር

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የሄድነው አንድ አሮጌ አዝራር ከመሬት ለማውጣት ነው። የቀበርነውም እኛው ነን። እብደት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን ባለቤቴ ጌታቸው የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። “እርስዎ” ነው የሚለኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሴትዮ ሻይ ሳቀርብለት “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተቸገሩ” ይለኛል። ኧረ ይሄ ምን ጉድ ነው!

እኛ ቤት ቅዳሜ ማለት ብረት ፍለጋ ነበር። ጌታቸው ታኮማ ፓርክ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ዘርግቶ በሚሸጥበት ያርድ ሴል ላይ አንድ ያገለገለ፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚለይ ማሽን ገዝቶ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሞል ሲሄድ እኛ ጓሮ ለጓሮ መዞር ሆነ ሥራችን። እሱ ማሽኑን ያወዛውዛል፣ እኔ እቆፍራለሁ፣ ልጃችን ሶስና አፈሩን መልሳ ሣሩን ታለብሰዋለች። ባለቤቱ ያልፈቀደልን ግቢ አንገባም። የሚወጣው አብዛኛው ሚስማርና የጠርሙስ ክዳን ነው። አልፎ አልፎ ግን የአሜሪካኖቹ የጥንት የእርስ በርስ ጦርነት ጥይት ይገኛል፤ ያኔ ጌታቸው ሰፈሩ እስኪሰማ “ሙልዬ! ነይ እዪ!” ብሎ ይጮኻል። ያቺን ጩኸት አንዴ ብቻ ልስማት ብዬ ነው ይሄ ሁሉ።

ሐሳቡን ያመጣችው ሶስና ናት። “ማሚ፣ መጀመሪያ ያገኘነውን አዝራር መልሰን ብንቀብረውስ? ሜይቢ ሲያገኘው ያስታውስሽ ይሆናል” አለችኝ። ንስር የተቀረጸበት የወታደር ኮት አዝራር ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ሚስ ካሮል የምትባል አሮጊት ጓሮ ውስጥ ነበር ያገኘነው። ከተቀመጠበት ሣጥን ሳወጣው ጥቁር ብሏል። ጌታቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲታጠብ አይወድም፣ “ዕድሜውን አጥበሽ አትጣይው” ይለኝ ነበር። እኔ ግን እጄ አላርፍ አለኝ። እንዲህ የቆሸሸ ነገር ለሚወዱት ሰው እንዴት ይሰጣል? እዚህ አገር አመድ ከየት ይመጣል፣ በሎሚና በጨው እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት። ሶስና ዐርብ ከሥራ ስትወጣ ድራይቭ አድርጋ ሄዳ ቀበረችው።

ቤልትዌይ ላይ

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ አፈሩ ለስላሳ ስለሚሆን ጥሩ ነው ተባባልን። ሶስና ትነዳለች፣ ጌታቸው ከፊት ተቀምጦ የመንገዱን ምልክቶች ጮክ ብሎ ያነባል። ቀለበት መንገዱ ላይ፣ ኮሌጅ ፓርክ ሳንደርስ ትራፊኩ ያዘን።

“ወዴት ነው የምትወስዱኝ?” አለ።

“ዳዲ፣ ዲቴክቲንግ፣ ብረት ፍለጋ ነው የምንሄደው።”

“እንዴ! ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችኋል?”

እኔና ሶስና በመስታወት ተያየን። እሱ ወደ ኋላ ዞሮ በትሕትና “እርስዎም ይሄን ነገር ይወዳሉ?” አለኝ። “በጣም እወዳለሁ” አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ድልድዩን ስንሻገር ፖቶማክ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል። በዕቃ ይዤው ከነበረው ቋንጣ ፍርፍር ሁለት ጉርሻ አጎረስኩት። እጄ ጣፋጭ መሆኑን ነግሮ አመሰገነኝ።

አሌክሳንድሪያ

ሚስ ካሮል በረንዳ ላይ ምርኩዟን ይዛ ትጠብቀናለች። ጉዳዩን ሶስና ነግራታለች። ድፎ ዳቦውን ላቀብላት ስል ጌታቸው ቀደመኝና “ሃይ፣ ሚስ ካሮል! ጉልበትሽ ተሻለሽ?” አላት በእንግሊዝኛ። የፈረንጅ ጉልበት ያስታውሳል! ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል። ደግሞም እሷን ካወቀ እኔንማ እንዴት ይስተኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማሽኑን ሲያነሳ የድሮው ጌታቸው ነው። ቀስ እያለ፣ ሣሩን ሳይነካ፣ ግራ ቀኝ ያወዛውዘዋል። እኔ ሆን ብዬ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ትልቁ ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ፣ ተንበረከከ፣ ሣሩን በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጦ አነሳ።

“ሙልዬ! ነይ እዪ!”

ሮጥኩ። በዚህ ጉልበቴ፣ በዚያ ጭቃ፣ “መጣሁ ጌትዬ፣ መጣሁ!” እያልኩ ሮጥኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ኋላዬን ተመለከተ።

“ይቅርታ፣ ባለቤቴን ነው የጠራሁት” አለኝ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አዝራሩን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ፊቱ ተለወጠ።

“ይሄ ከመሬት የወጣ አይደለም” አለ። “መሬት ውስጥ የኖረ ነሐስ እንዲህ አያበራም። አፈሩም በቅርብ የተቆፈረ ነው። ሰው ቀብሮት ነው።”

“ዳዲ፣ ፕሊስ…” አለች ሶስና።

“ምን አድርጌያችሁ ነው የምታሾፉብኝ?” አዝራሩን ጉድጓዱ ውስጥ ጣለውና ወደ እኔ ዞረ። “እባክዎ፣ ባለቤቴ ጋ ይውሰዱኝ። እሷ አታታልለኝም።”

መልስ

በመልሱ ፊት አልቀመጥም አለ፤ ከኋላ በሩን ተጠግቶ ተቀመጠ። ፍርፍሩን የነካ የለም። ሶስና እየነዳች ስታለቅስ “አይዞሽ ልጄ” አላት። ልጄ ያላት አባቷ ስለሆነ ይሁን፣ ወይም ለማንም ወጣት እንደሚባለው ይሁን፣ ሁለታችንም አላወቅንም።

ከጉዞው የተማርሽውን ንገሪን ካላችሁ፣ ይኸው። እስከ ዛሬ ስሜን ረሳው ብዬ ነበር የማለቅሰው። ስሜንስ አልረሳውም፤ እኔ መሆኔን ነው የማያውቀው። ይሄን ከማውቅ ባልሄድኩ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብተንም ጃኬቱን አላወልቅም አለ። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ “ባለቤቴን ይፈልጉልኝ፤ ሥራ ቦታ ትሆናለች” አለኝ። ሌላ መላ ጠፋኝ። ኮሪደር ወጣሁ። የቀሚሴን ጭቃ ጠረግሁ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ ቦርሳዬን እንደ ሥራ መልስ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩና የገዛ ቤቴን ደወል ደወልኩ።

ሶስና ከፈተች። “ዳዲ፣ ማሚ መጣች!” አለች።

ፊቱ በርቶ ብድግ አለ። አየኝ፣ ደግሞ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

“አላገኟትም?” አለኝ።

“አላገኘኋትም” አልኩት።