አይዞህ የተባለ ጉልበት

ወደ ክሊኒክ በሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ። የተጎዳ ተጫዋች ራሱ «ልቀጥል» ካለ ይቀጥል ወይስ ይውጣ እያሉ ይከራከራሉ። ማነው «ልቀጥል» ያለው? እኔ ብዬ አላውቅም።

የቡሬ ቡድን አምበል ነበርኩ። ከፍኖተ ሰላሞች ጋር ስንጫወት ጉልበቴ ተጠማዘዘና ወደቅሁ። አሰልጣኛችን ከመስመሩ ዳር ሆነው «አይዞህ!» አሉ። ወጌሻችን በረዶ ይዞ ሮጦ መጣ፤ ጉልበቴን ገና ሳያየው «አይዞህ» አለኝ። ተመልካቹም ተቀበለው። አባቴ ከተመልካቹ መሐል ነበሩ፤ የእሳቸውን «አይዞህ» ለይቼ ሰማሁት።

አሞኝ እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። አይዞህ ግን ጥያቄ አይደለም፤ ምን ተብሎ ይመለስለታል? ቅኔ በሚቆጠርበት አገር ላደገ ሰው ሰሙ ማጽናናት፣ ወርቁ «ተነስ» ነው። ተነሳሁ። በረዶው አደንዝዞት ስለነበር እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሮጥኩበት። ማሸነፋችንን እንኳ የማስታውሰው ሰው ሲያወራ ነው።

ያ ድንዛዜ ከጉልበቴ ወጥቶ ሌላ ቦታ የገባ ይመስለኛል። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ሲሰግድ ጉልበቴ እንቢ ስለሚለኝ እኔ ቆሜ እቀራለሁ፤ አያሳዝነኝም፣ አያናድደኝም።

ባጃጁ ክሊኒኩ በር ላይ አወረደኝ። ሐኪሟ ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ አጠፈችውና «ያምዎታል?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።