በጥር ሰርግ የለጠፍኩት መስታወት

የመጀመሪያ ቀን ያስጨበጡኝ ዕቃ የአቧራ መምጠጫ ማሽን ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ፣ ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር ያለው የመኪና መስታወት ቤት ገብቼ ሥራ ጠየቅሁ፤ ላሴ የሚባለው አለቃ ከላይ እስከ ታች አየኝና «መስታወት ገጥመህ ታውቃለህ?» አለኝ። «መስታወቱ እኔን ሲያይ ራሱ ቦታው ላይ ይገባል» አልኩት። በዚያን ጊዜ ስዊድንኛዬ ይህን እንዴት አድርጎ እንዳወጣው እንጃ፤ ብቻ ሰውዬው ሳቀ፣ ማሽኑን ሰጠኝ፣ የጎን መስታወቷ የተሰበረባት አንዲት መኪና አሳየኝ።

የጎን መስታወት ሲሰበር እንደ ፊት መስታወት አይሰነጠቅም። እንደ ጨው ነው የሚበተን። ወንበር ስር ይገባል፣ ቀበቶ ውስጥ ይገባል፣ ጫማችሁ ውስጥ ገብቶ ቤታችሁ ድረስ ይሸኛችኋል። ቀኑን ሙሉ ሳስመጥጥ ዋልኩ። ማታ ላሴ መጥቶ ጣቱን በወንበሩ ሐዲድ ስር ሰደደ፤ አንዲት ፍርፋሪ አላገኘም። «ነገ ና» አለኝ። ይህ ጉራ አይደለም፤ ጉራው ገና ይመጣል።

ላርሊንግ ሆኜ ተቀጠርኩ። ላርሊንግ ተለማማጅ ማለት ነው፤ እኔ ግን ጢሜ የሸበተ ተለማማጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ማን ይወስደኛል? ጓሮ የተጣሉ አሮጌ የመኪና በሮች ነበሩ። ሌሎቹ ፊካ ብለው ቡናና ዳቦአቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ እኔ በሩን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። የቀረውን በስልክ ከቪዲዮ ተማርኩ። ከሁሉ የሚበልጠው አስተማሪዬ ኮሪያዊ ነው፤ ስሙንም ፊቱንም አላውቅም፣ እጁን ግን ከሺ እጅ መሃል እለየዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሞንቶር ሆንኩ፤ መስታወት ገጣሚ። ዛሬ በስቶክሆልም በኋላ ጎን መስታወት የሚቀድመኝ ሰው ካለ ይምጣ፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።

ከዚያ እነዚህ ትልልቅ የኤሌክትሪክ መኪኖች መጡ። ድምፅ የላቸውም፣ ሆዳቸው ሙሉ ባትሪ ነው፣ ብርቱካንማ ሽቦ ካያችሁ፣ ከባዱ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነውና፣ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ትከታላችሁ። ደግሞ ድፍን ያሉ ናቸው። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ በር ስትወረውሩ ጆሮአችሁ ጢም ይላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ዓርብ፣ ወሩ ጥር ነው፣ ውጭ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል። በሩ ተከፈተና አንድ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ገባ። ኮፈኑ ላይ የሰርግ ሪባን ታስሯል። ከኋላ በር ቀጥሎ ያለችው፣ የማትከፈተው በሙጫ የምትጣበቀው መስታወት የለችም፤ ቦታዋ በላስቲክና በፕላስተር ተሸፍኗል። ሾፌሩ ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ አካላ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሰው፣ በየለቅሶው የምንተዋወቅ። ወርደው በሩን ሲወረውሩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቁልፍ ሁሉ ጮኸ። በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ነድተዋል፤ እስከ ዛሬ ድረስ በር ሲዘጉ ያው መኪና ነው የሚመስላቸው።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ወረዱ። ወፍራም ጃኬት፣ በላዩ ነጠላ፣ እጃቸው ላይ ፌስታል። ወይዘሮ ዘነበች ይባላሉ። የሙሽራዋ እናት ናቸው፣ ለሰርጉ ከአዲስ አበባ የመጡ። ሙሽራው ደግሞ የጋሼ ሙሉጌታ የወንድም ልጅ ነው።

«እንካ ልጄ» ብለው ፌስታሉን ሰጡኝ። ሃምሳ ያለፈውን ሰውዬ ልጄ ሲሉኝ እዚያው ቀለጥኩላቸው። ከፈትኩት። የመስታወቱ ፍርፋሪ በሙሉ አለ።

«አንድም አልጎደለም። በረዶው ውስጥ የገባውን ሳይቀር በእጄ ለቅሜዋለሁ። ለጥፍልኝ።»

«እትዬ፣ ይህን ለመለጠፍ ለሁለታችንም የማቱሳላ ዕድሜ ያስፈልገናል። ማነው የሰበረው?»

ጋሼ ሙሉጌታ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«እኔው ነኝ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ሪባን ላስር ብዬ ወጣሁ። መስታወቱ ላይ በረዶ ጋግሯል። ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ አፈላሁና…»

«የፈላ ውሃ አፈሰሱበት?»

«ታዲያ በረዶ በምን ይሟሟል? በምክር?»

እንዲህ ያለ ብርድ ላይ የፈላ ውሃ ስታፈሱ መስታወቱ አይጠይቃችሁም፣ ድው ይላል። አዲስ አበባ ማን ይህን ያውቃል!

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ሙሽራዋ ልጄ ሰላም ከመጣሁ ጀምሮ ‹እማዬ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ፣ ምንም እንዳትነኪ› እያለችኝ ነው። በጥር ካልሆነ አልድርም ብዬ ይህን ብርድ ያመጣሁባትም እኔው ነኝ። አሁን ነገ ጠዋት እዚህ ውስጥ ስትገባ ላስቲክ ተለጥፎበት ትየው? ይኸው እናቴ ሰርጌን ሰበረችው አትልም? ለዚህ ነው አገር አቋርጬ የመጣሁት?» ዓይናቸው ሞላ።

እኔ የምታለቅስ እናት ፊት ስቆም ጉራዬ እጥፍ ይሆናል። «እትዬ፣ ልጅዎ ነገ በባትሪ ፈልጋ አታገኘውም። የስቶክሆልም አንደኛው እጅ ላይ ነው የወደቁት።»

«ሁለተኛው ማነው?» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ።

«ግራ እጄ።»

ላሴ ጋ ገባሁ። «መስታወቱ የሚመጣው ሰኞ ነው» አለ። ስልክ አነሳሁ፤ ሮግስቬድ አጠገብ ያለው መጋዘን አንድ ብቻ ቀርቷቸዋል፣ በር ሊዘጉ ነው። የቤቱን ቫን ይዤ በረርኩ፤ መስታወቷን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተመለስኩ።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ ትንሹን ባትሪ ነቅላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ከመስታወቱ በላይ ጣሪያው ውስጥ ተጠቅልላ የተኛች የአየር ከረጢት አለች፣ እሷን ቀስቅሳችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳትፈነዳ። ከዚያ የውስጡን ሽፋን በፕላስቲክ ማንሻ፣ ክሊፖቹን አንድ በአንድ። በካቻቪቴ የሚፈለቅቅ ሰው እኔ ጋ አይሥራ። ፍርፋሪውን መምጠጥ። የድሮውን ሙጫ በስለት መላጥ፣ ግን እስከ ቀለሙ አይደለም፤ ስስ ሽፋን ትተዋላችሁ፣ አዲሱ ሙጫ አሮጌውን ነው የሚወደው። ማጽዳት። ሙጫው እንዲይዝ የሚረዳውን ጥቁር ቀለም፣ ፕራይመሩን፣ መቀባት፣ እስኪደርቅ እጅን አጣጥፎ መቆም። ይህ ለእኔ ከባዱ ክፍል ነው። ከዚያ ሙጫውን ሳታቋርጡ በአንድ ትንፋሽ ዙሪያውን ማፍሰስ፣ መስታወቱን በላስቲክ መምጠጫ ይዞ ማስቀመጥ፣ በመዳፍ ጫን ማድረግ። ቁጭ አለች! እኔ ራሴ አጨበጨብኩ። ወይዘሮ ዘነበች እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ላሴ መጣ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ነገ ማታ ይወስዱታል።»

«ነገ ጠዋት ሙሽራ ይጭናል።»

«በዚህ ብርድ? ሙጫው አልጠነከረም እኮ። አንድ ሰው በር ቢወረውር አየሩ መስታወቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ሁላችንም ዞረን ጋሼ ሙሉጌታን አየን። እሳቸው ስዊድንኛውን የሰሙ አይመስሉም፤ የሌላ መኪና በር እየከፈቱ እየዘጉ ይሞክሩ ነበር።

«አብሬው እሄዳለሁ» አልኩ።

«ሰርጉ ተጠርተሃል?»

«ላሴ፣ በእኛ ሰርግ ያልተጠራ ሰው የለም። ያልሰማ ብቻ ነው ያለው።»

«ከወለቀ ቤቱን ወክለህ የምትቆመው አንተ ነህ» አለና መብራት አጥፍቶ ሄደ። መኪናው ሙቀት ውስጥ አደረ።

ጠዋት ሱፌን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ መጣሁ። ሙጫው እስኪጠነክር መስታወቱን እንዲይዝ የለጠፍኩትን ፕላስተር ማንሳት አልችልም፣ እንዳይታይ ማድረግ ደግሞ አለብኝ። ነጭ ሪባን አምጥቼ በላዩ አሳለፍኩ፣ ጫፉን እንደ አበባ ቋጠርኩት። በሌላውም ጎን እንዲሁ፤ እንዲመሳሰል። ከዚያ ሕጉን አወጣሁ፦ መስኮቶቹ ሁሉ ጣት ያህል ክፍት ይሆናሉ፣ በር የሚዘጋው እኔ ብቻ ነኝ። ወይዘሮ ዘነበች ማሉ። ጋሼ ሙሉጌታም ማሉ፣ መሐላቸውን ሲጨርሱ በሩን ወረወሩት። ደግነቱ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሙሽራዋ ቤት ደርሰን ሰላም ከበሩ ስትወጣ ሚዜዎቹ ሆ እያሉ መጡ። የእኛ ሰው ሰርግ ላይ ከበሮ ሲያጣ የሚመታው መኪና ነው። አንዱ እጁን አንስቶ ወደ መስታወቴ ሲመጣ በጀርባዬ ሸፈንኩት። ደረቴን መታኝ። «በርታ!» አልኩት፣ እስክስታ አስመስዬ ትከሻዬን እየነቀነቅሁ። ወደ ግራ ሲሄዱ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ቀኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች ሰላም።

«የአባትሽ ዘመድ ነው።»

«የትኛው?»

«ደስታ የሚበዛበት።»

ሰላም ልትገባ ስትል የሪባኑን አበባ አየችው። ጎንበስ አለችና ነካችው። «ይቺ እንዴት ታምራለች! ማነው የሠራው?»

ወይዘሮ ዘነበች እኔን አዩኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«እንዲህ ትችያለሽ እንዴ? እኔ ደግሞ አትንኪ እልሻለሁ!» ብላ ሳመቻቸው። እትዬ ዘነበች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በአሥር ዓመት ወጣት ሆኑ፤ ለካ እኔ መስታወት ብቻ አይደለም የምጠግን።

መንገድ ላይ በክፍቱ መስኮት ብርዱ እንደ መርፌ ይገባል። «በረደኝ» አለች ሰላም። «ሙሽራ አየር ያስፈልጋታል» አሉ እናቷ፣ ነጠላቸውን አልብሰዋት ራሳቸው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። እኔ ፊት ወንበር ላይ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ መስታወቷን ሳያት ነው የደረስነው። ሙሽራው እሱን የማየው መስሎት መንገዱን ሙሉ ፈገግ ሲልልኝ ነበር።

ተክሊሉ በሰላም አለቀ። በረዶ እየወረደ ሙሽሮቹ መኪናው ውስጥ ገቡ፤ እኔ ሚዜዎቹን ከመስታወቱ ሳርቅ፣ ሙሽራው በፍቅር ሊሞት የደረሰ ልጅ ነው፣ ሚስቴ እንዳይበርዳት ብሎ እጁን ዘርግቶ የመኪናውን ስክሪን ነካ። አራቱም መስኮቶች ዚዝ ብለው ተዘጉ። ዞር ስል ጋሼ ሙሉጌታ የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ተክለው፣ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የአሰብ መስመር አያያዝ ነው።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል፣ ሕዝቡ ይዘፍናል። የሮጥኩትን ሩጫ ጉልበቴ ዛሬም ያወራዋል። እጅ ላስገባ ብል እጄ እንጀራዬ ነው። ያለኝን ሌላ ነገር አስገባሁ። በሩ መቀመጫዬ ላይ አረፈ።

የወጣኝን ድምፅ እኔ ራሴ አላወቅሁትም። ሰላም ደንግጣ ዞር ከማለቷ በፊት፣ ወይዘሮ ዘነበች ከኋላዬ «እልልልልል!» ብለው አቀለጡት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለው ሴት ሁሉ ተቀበላቸው። እኔ በሕመም እጮኻለሁ፣ ሕዝቡ ያጨበጭብልኛል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ ሰላም።

«ደስታ ነው፣ የኔ እመቤት። መስኮት ክፈቺልኝ።»

ከፈተች። በሩን በጣቴ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት። መዳፌን መስታወቷ ዳር ላይ አሳለፍኩ፤ ቅንጣት አልተንቀሳቀሰችም። ጋሼ ሙሉጌታ «በሩ ምን ይዞት ነው አልዘጋ ያለኝ?» እያሉ ማጠፊያውን ይመረምሩ ነበር።

አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ተቀምጦ ሲበላ እኔ ቆሜ በላሁ። ሰው ትሕትና መሰለው። ወይዘሮ ዘነበች ክትፎውን ራሳቸው እያጎረሱኝ፣ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ «መቀመጫህም!» ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከማዶ ሰላም እናቷ ሲስቁ አይታ እሷም ሳቀች፤ በምን እንደሆነ አልነገርናትም።

ሰኞ ጋሼ ሙሉጌታ መኪናውን አመጡት። ላሴ የውሃ ቱቦ ይዞ ከውጭ ለቀቀበት፣ እኔ ውስጥ ሆኜ በባትሪ አየሁ። ጠብታ አልገባም። «ሰርጉ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ቆሜ ነው የዋልኩት» አልኩት።

እናንተ አዲስ መስታወት ገጣሚዎች፣ ከዚህ የምትይዙት ይህችን ነው። በብርድ ሙጫ ሳይጠነክር መኪና አትስጡ። መስጠት ግድ ከሆነ መስኮቱን ገርበብ አድርጉ፣ በሩን የሚዘጋውን ሰው እወቁ።